አዲስ የፒስታ ሞተር ስትረከቡ፦ ከማስተካከል እስከ መጀመሪያው ጉዞ

አዲስ ሞተር የተረከበ ሰው ብዙ ጊዜ በመጀመሪያው ሳምንት ይወድቃል። ኮረኮንች ላይ ፊቱ ይሸሸዋል። ቁልቁለት ላይ የኋላ ፍሬኑ ይይዝበታል። ጭቃ ውስጥ ጎማው መዞር ያቆማል። ከዚያ «ይሄ ሞተር ለኔ ከብዶኛል» ይላል። ሞተሩ ግን ከሱቅ ሲወጣ ለማንም አልተስተካከለም። ጎማው ደንድኖ ተነፍቷል፣ የፍሬን እጀታው ተቀምጦ ለሚነዳ ሰው ተገጥሟል፣ የኋላው ሞላም ኪሏችሁን አያውቅም።

መመሪያው ከ125 እስከ 200 ሲሲ ላሉ ሞተሮች ነው፤ ለሆንዳ ኤክስኤል 125፣ ለኤክስአር 150 ኤል፣ ለያማሃ ዲቲ 125፣ ለኤጂ 200 እና ለመሰሎቻቸው። የግብርና ባለሙያው፣ የጤና ሠራተኛው፣ ቀያሹ ወደ ቀበሌ የሚወጣባቸው ማለት ነው። እዚህ የምሰጣቸው ቁጥሮች የተለመዱት ናቸው። ከሞተሩ ጋር የመጣው መጽሐፍ ሌላ ካለ መጽሐፉን ተከተሉ።

ከመጀመራችሁ በፊት የሚያስፈልግ

ከ8 እስከ 17 ቁጥር ቁልፎች፣ ለጎማው ፔርኖ የሚሆን ትልቅ ቁልፍ፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ የጎማ ንፋስ መለኪያ፣ ፖምፓ፣ ማስመሪያ ወይም ሜትር፣ የሰንሰለት ዘይት፣ ግራሶ፣ ነጭ የቧንቧ ቴፍሎን እና አንድ ብልቃጥ የጥፍር ቀለም። የጥፍር ቀለሙ ለምን እንደሆነ ደረጃ 1 ላይ ታያላችሁ።

ለራሳችሁ ደግሞ ሄልሜት፣ የዓይን መከላከያ መነጽር፣ ጓንት እና ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን ጠንካራ ቦት ጫማ። ገንዘብ ካጠረ ከሄልሜት ቀጥሎ ቦቱን ግዙ። ሞተር ወደ ጎን ሲወድቅ ከስር የሚቀረው እግር ነው። በሸራ ጫማ ኮረኮንች መግባት አይታሰብ።

## ደረጃ 1፦ ቡሎኖቹን አንድ በአንድ ፈትሹ

ሞተሩ በሳጥን ተበታትኖ ይመጣል። የፊት ጎማውን፣ መሪውን፣ ፓራፋንጎውን እና ባትሪውን የገጠመው የሱቁ ልጅ ነው። የሚላሉትም አብዛኛውን ጊዜ እነዚሁ ናቸው።

1. የፊትና የኋላ ፔርኖ ዳዶዎችን ፈትሹ። ኮፒሊያ (ዳዶው እንዳይፈታ የሚይዝ ታጣፊ ሽቦ) ካለው መኖሩን እና ጫፉ መታጠፉን እዩ።
2. የመሪውን ማሰሪያ አራት ቡሎኖች ፈትሹ። በብዙዎቹ ሞተሮች መጀመሪያ የፊቶቹ ሁለት፣ ቀጥሎ የኋላዎቹ ይጠበቃሉ።
3. ፎርኬታውን የያዙትን ቡሎኖች፣ የፊት ዲስክ ፍሬኑን ቡሎኖች እና የእግር መርገጫዎቹን ፈትሹ።
4. ራጂዎቹን በትንሽ ቁልፍ አንድ በአንድ መታ መታ አድርጉ። የጠበቀው ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ የላላው የታፈነ። የላላውን በአንዴ አንድ ሩብ ዙር ብቻ አጥብቁ።
5. ሁሉም ሲጠብቅ ከዳዶው እስከ ብረቱ የሚያልፍ ቀጭን መስመር በጥፍር ቀለም ሳሉ። ከጉዞ በኋላ መስመሩ ከተሰበረ ዳዶው ዞሯል ማለት ነው። ቁልፍ ሳታነሱ በዓይን ብቻ ታውቁታላችሁ።

ተጠንቀቁ። የቁልፉን እጀታ በቧንቧ አታርዝሙ። የሞተሩ አካል አልሙኒየም ነው፤ ጥርሱ በቀላሉ ይበላል።

ጥርሱ ከተበላ፦ በክር ወይም በሙጫ አትሸፍኑት። ሞተሩን አቁሙና ቶርኖ ቤት ውሰዱት። ቀዳዳውን አስፍተው አዲስ ጥርስ ያስገቡለታል።

ሞተሩ መጋዘን ውስጥ ወራት ከቆየ ሁለት ተጨማሪ ሥራ አለ። በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ይህ የተለመደ ነው። ባትሪውን አውጥታችሁ ሙሉ በሙሉ ቻርጅ አድርጉ፤ ሳይሞላ ሥራ የጀመረ ባትሪ ዕድሜው ያጥራል። ካርቡራተሩ ውስጥ የቀረ አሮጌ ቤንዚን ካለ ከታች ባለችው ማፍሰሻ ቡሎን አውጡት።

## ደረጃ 2፦ ዘይት፣ ቤንዚን፣ አየር

ሞተሩን ቀጥ አድርጋችሁ ያዙ። በካቫሌቶ ዘንበል ብሎ እንደቆመ ዘይት አይለካም። በብዙዎቹ ሆንዳና ያማሃ ሞተሮች መለኪያው ሳይጠመዘዝ፣ ገባ ብቻ ተደርጎ ይታያል።

ዘይቱ 10ደብሊው-30 ወይም 10ደብሊው-40 ሆኖ ቆርቆሮው ላይ ጃሶ ኤምኤ (የሞተር ሳይክል ዘይት ደረጃ) የሚል ይኑረው። የሞተር ሳይክል ፍሪሲዮን የሚሠራው በዚያው ሞተር ዘይት ውስጥ ተነክሮ ነው። ለመኪና የተሠራ ማንሸራተቻ የበዛበት ዘይት ከገባ ፍሪሲዮኑ ይንሸራተታል። ሞተሩ ይጮኻል፣ ጎማው ግን አይገፋም።

ዲቲ 125 የነዳችሁ ይህን ለይታችሁ ያዙ። ባለ ሁለት ምት ሞተር ነው። ከቤንዚኑ ጋር የሚቃጠል ዘይት የሚይዝ ለብቻው የሆነ ጋን አለው። ያ ጋን ባዶ ሆኖ ከተነዳ ፒስተኑ ይይዛል፤ አዲስ ሞተር በአንድ ቀን ያልቃል። የማርሹ ዘይት ሌላ ነው። ሁለቱን አታምታቱ።

የአየር ማጣሪያውን አውጡ። ስፖንጅ ከሆነ በማጣሪያ ዘይት ረጠብ አድርጉት። ጨምቁት እንጂ አትጠምዝዙት፤ ይቀደዳል። ሲመለስ ጠርዙን ትንሽ ግራሶ ቀቡት። የበጋ አቧራ ደቃቅ ነው፤ ደረቅ ስፖንጅ ያሳልፈዋል። ያለፈው አቧራ ሲሊንደሩን ይፍቃል፣ ሞተሩም በጊዜው ዘይት መብላት ይጀምራል። ማጣሪያው ወረቀት ከሆነ ግን ዘይት አታስነኩት።

## ደረጃ 3፦ ሞተሩን በልካችሁ አድርጉት

ሰው የሚዘለው ይህን ደረጃ ነው። ይበልጥ የሚጠቅመውም ይሄው ነው። ፒስታ ላይ ብዙውን ጊዜ የምትነዱት ቆማችሁ ስለሆነ ሁሉንም ነገር ቆማችሁ ለኩ። ሰው ከፊት ይያዝላችሁ። ቦት ጫማችሁን አድርጉና መርገጫው ላይ ቁሙ። ጉልበት ትንሽ ይታጠፍ፣ ክርን ወደ ውጭ ይከፈት።

1. መሪ። ዓይናችሁን ጨፍናችሁ እጃችሁን ዘርጉ። እጅ ያረፈበት ቦታ ላይ መያዣው መገኘት አለበት። ወገባችሁ ከጎበጠ የመሪውን ማሰሪያ አላልታችሁ መሪውን ጥቂት ወደ ፊት አሽከርክሩት። ከዚያ መልሳችሁ አጥብቁ።

2. የፍሬንና የፍሪሲዮን እጀታ። ቆማችሁ ጣታችሁን ስትዘረጉ የእጅ አንጓ ቀጥ ይበል። ሱቅ የገጠመው ብዙውን ጊዜ ወደ ላይ ያያል። ወደ ታች አዙሩት።

3. ቴፍሎን። የእጀታውን ማሰሪያ ፈትታችሁ መሪው ላይ ሁለት ሦስት ዙር ቴፍሎን ጠቅልሉ። ከዚያ በመጠኑ አጥብቁ። እጀታው ስትነዱ የማይነቃነቅ፣ በእጅ መዳፍ በኃይል ሲመታ ግን የሚዞር መሆን አለበት። ሞተሩ ሲወድቅ እጀታው ይዞራል፤ አይሰበርም። ከከተማ ርቆ የፍሪሲዮን እጀታ መሰበር ማለት ቀን ሙሉ መግፋት ነው።

4. የፍሪሲዮን ላላታ። እጀታው ጫፍ ላይ ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሜትር ነፃ ይንቀሳቀስ። ምንም ላላታ ከሌለው ፍሪሲዮኑ ይቃጠላል። ከበዛ ማርሽ እያንቋቋ ይገባል።

5. ጋዝ። ከ2 እስከ 6 ሚሊ ሜትር ላላታ ይኑረው። ሞተሩ በሚኒሞ እየሠራ መሪውን እስከ ጥግ ግራና ቀኝ አዙሩ። ድምፁ ከጨመረ ገመዱ ተወጥሯል ወይም ተቆንጥጧል። ይህ ሳይስተካከል ፈጽሞ አትነሱ፤ ስትታጠፉ ሞተሩ በራሱ ይፈተለካል።

6. የኋላ ፍሬን። ቆማችሁ እግራችሁ ሳታስቡት ፔዳሉን እየተጫነ እንዳይሆን ከመርገጫው ትንሽ ዝቅ ይበል። ታምቡር ፍሬን ከሆነ ከ20 እስከ 30 ሚሊ ሜትር ላላታ ስጡት። የኋላውን ጎማ አንስታችሁ በእጅ አሽከርክሩ። ፍሬኑ የሚይዘው ከሆነ እንደገና አላሉት።

7. ማርሽ። የቦቱ አፍንጫ ከማርሽ መቀየሪያው ስር ካልገባ መቀየሪያውን ፈትታችሁ አንድ ጥርስ ከፍ አድርጉ።

## ደረጃ 4፦ የኋላ ሞላ እና ሰንሰለት

በእነዚህ ሞተሮች የፊቱ ፎርኬታ ብዙ ጊዜ ማስተካከያ የለውም። የኋላው ግን አለው፤ ወይ ባለ ደረጃ ቀለበት፣ ወይ የሚጠመዘዝ ዳዶ።

አለካኩ እንዲህ ነው። የኋላው ጎማ በአየር ላይ ሆኖ ከፔርኖው ቀጥታ ወደ ላይ ፓራፋንጎው ላይ ወዳደረጋችሁት ምልክት ለኩ። ከዚያ ሞተሩን አውርዳችሁ፣ የምትነዱበትን ልብስ ለብሳችሁ፣ ሁልጊዜ የምትጭኑትን ዕቃ ጭናችሁ ተቀመጡ። ሌላ ሰው ያንኑ ቦታ ይለካ። ልዩነቱ ከሞላው ጠቅላላ ጉዞ አንድ ሦስተኛ ገደማ ይሁን። የኋላው ጎማ 150 ሚሊ ሜትር የሚወርድ የሚወጣ ከሆነ 50 ሚሊ ሜትር ያህል ማለት ነው።

ልዩነቱ ከዚያ ከበዛ ሞላውን አጥብቁ። ሞላው ከላላ ጀርባው ይቀመጣል፣ ፊቱ ይቀልላል፣ መሪው ኮረኮንች ላይ ይንሳፈፋል። ልዩነቱ ካነሰ አላሉት። ከጠነከረ ጀርባው እየዘለለ ጎማው መሬት አይቆነጥጥም። የክትባት ሳጥን ወይም የማዳበሪያ ናሙና የምትጭኑ ከሆነ ባዶውንም ጭነቱንም ለኩና ሁለቱን ቦታ ጻፉ።

ሰንሰለቱን ከሞላው በኋላ አስተካክሉ። መሃሉ ላይ በጣት ወደ ላይና ወደ ታች ሲነቃነቅ ከ30 እስከ 40 ሚሊ ሜትር ይጫወት። የኋላ ጎማውን በያዘው ሹካ ላይ የተለጠፈ ወረቀት ካለ ቁጥሩን ከዚያ ውሰዱ። ሰው «እንዳይወልቅብኝ» ብሎ ሰንሰለት ያጠብቃል። ጎማው ጉድጓድ መትቶ ወደ ላይ ሲነሳ ግን ሰንሰለቱ ይወጠራል። ቦታ ካጣ የሚጎትተው የማርሽ ሳጥኑን ኩሽኔታ ነው። ስለዚህ ከመጥበቅ መላላት ይሻላል። በግራና በቀኝ ያሉት ምልክቶች እኩል ቁጥር ላይ መሆናቸውን አረጋግጡ፤ አለዚያ ጎማው ጠሞ ይቆማል። የኤጂ 200 ሰንሰለት ሽፋን ውስጥ ስለተደበቀ ይረሳል። እናንተ አትርሱት።

## ደረጃ 5፦ የጎማ ንፋስ

ጎሚስታው ጎማውን እንደ መኪና ይነፋዋል። ድንጋይ በመታችሁ ቁጥር ፊቱ የሚዘልላችሁ ለዚህ ነው።

ለአስፋልት የፊቱን 22፣ የኋላውን 25 ፒኤስአይ አድርጉ። ለኮረኮንች ከ18 እስከ 20 ይበቃል። ለጭቃና ለአሸዋ 15 ድረስ ዝቅ ይላል። ከዚያ በታች አትውረዱ። ከመነዳሪው (የውስጥ ጎማው) ቸርኬና ድንጋይ መሃል ተቆንጥጦ በሁለት ቦታ ይቀደዳል። ጎማው ቸርኬው ላይ ከተንሸራተተ ደግሞ ቫልቮላው ይበጠሳል። ጭነት ካለ የኋላውን ጨምሩ።

የቫልቮላውን ትንሽ ዳዶ ቸርኬው ላይ አታጥብቁት። ወደ ላይ አውጥታችሁ ከክዳኑ ጋር አጣብቁት። ቫልቮላው ዘመም ካለ ከመነዳሪው እየዞረ ነው። ንፋሱን አውጥታችሁ ጎማውን ወደ ቦታው መልሱ።

## ደረጃ 6፦ መጀመሪያ ሲነሳ

ሞተሩን አስነስታችሁ በሚኒሞ ጥቂት ደቂቃ አሙቁ። ቾክ ከሳባችሁ ሲሞቅ መልሱ። የዘይት ጠብታ ከስር አለ? ፍሬቻ፣ መብራት፣ ክላክስ ይሠራሉ? ሰሌዳውና ሦስተኛ ወገኑ ተጠናቋል?

በመጀመሪያው 500 ኪሎ ሜትር ሙሉ ጋዝ አትስጡ። በአንድ ፍጥነትም ረጅም ሰዓት አትንዱ። በከፍተኛ ማርሽ እያነቀ ዳገት ማስወጣትም ልክ እንደዚያው ይጎዳል። ማርሽ ቀይሩ፣ ጋዙን ከፍ ዝቅ አድርጉ። ሰው ደርባችሁም አትጫኑ።

ስለ ጉልበቱ አትደንግጡ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ስስ ነው። መጽሐፉ ላይ ከተጻፈው የፈረስ ጉልበት አንድ አምስተኛ ያህሉን እዚህ አታገኙትም። ካርቡራተር ያለው ሞተር ደግሞ ደጋ ላይ ቤንዚን ይበዛበታል፤ ካንዴላው ይጠቁራል። መካኒክ ትንሽ ጄት (ካርቡራተሩ ውስጥ ቤንዚን የሚያልፍበት ቀዳዳ) ልግጠምልህ ሊል ይችላል። ደጋ ብቻ የምትሠሩ ከሆነ ይሁን። ሰመራ ወይም ጋምቤላ የምትወርዱ ከሆነ ግን ቆላ ላይ ያው ጄት ቤንዚን ያሳንሳል፣ ሞተሩ ከልክ በላይ ይግላል፣ ፒስተኑም ይጎዳል። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት በፋብሪካው ጄት ንዱ።

## ደረጃ 7፦ የመጀመሪያው ጉዞ፣ በዚህ ቅደም ተከተል

ሜዳ ፈልጉ። የኳስ ሜዳ ይበቃል። ሰውም ከብትም የሌለበትን ሰዓት ምረጡ።

1. ፍሪሲዮን። በአንደኛ ማርሽ ጋዝ ሳትሰጡ ፍሪሲዮኑን በዝግታ ልቀቁ። ሞተሩ መሳብ የሚጀምርበትን ቦታ እጃችሁ እስኪያውቀው ደጋግሙ።

2. ፍሬን። መጀመሪያ የኋላውን ብቻ፣ ከዚያ የፊቱን ብቻ፣ ከዚያ ሁለቱን ያዙ። የፊቱን በአንድ ወይም በሁለት ጣት፣ ሞተሩ ቀጥ ብሎ ሲሄድ ብቻ። የኋላውን ሆን ብላችሁ አንሸራቱት፤ ጎማ ሲይዝ ምን እንደሚመስል እዚሁ ልመዱት። ፊቱ ከተንሸራተተ ወዲያው ልቀቁ።

3. ቁሙ። በሁለተኛ ማርሽ ቆማችሁ ስምንት ቁጥር አዙሩ። ሞተሩ ወደ ውስጥ ያዘንብል፣ እናንተ ወደ ውጭኛው መርገጫ ተጫኑ። እጃችሁ ከደከመ መሪውን አንቃችኋል ማለት ነው። በጉልበታችሁ ታንከሩን ያዙና እጃችሁን አላሉ።

4. ኮረኮንች። አጭር መንገድ፣ በሁለተኛና በሦስተኛ ማርሽ። ዓይን ሩቅ ይይ። የፊቱ ጎማ ሲወዛወዝ ጋዙን አትዝጉ፤ ሲዘጋ ክብደት ወደ ፊት ይሄድና ይብሳል። ትንሽ ጋዝ እየሰጣችሁ ወገባችሁን ወደ ኋላ አድርጉ።

5. ዳገት። ማርሹን ከስር መርጣችሁ ውጡ። መሃል ላይ ሞተሩ ከጠፋ ፍሪሲዮን አትያዙ፤ ወደ ኋላ ይወስዳችኋል። የፊቱን ፍሬን ይዛችሁ ሞተሩን ማርሽ ውስጥ እንዳለ ተዉት። ፍሪሲዮኑን ለቅቃችሁ በማርሹ አስይዙት። ከዳገቱ ላይኛው ጎን ውረዱ። ከዚያ ፍሪሲዮኑን በመቆንጠጥ ጥቂት ጥቂት እያስኬዳችሁ ዙሩ።

6. ቁልቁለት። በወጣችሁበት ማርሽ ውረዱ፤ ሞተሩ ይያዝላችሁ። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርደው ዓይነት ከ1,000 ሜትር በላይ የሆነ ቁልቁለት በፍሬን ብቻ ከተወረደ ፍሬኑ ይግልና መያዝ ያቆማል። ባለ ሁለት ምት ሞተር ለዚህ ደካማ ነው። ጋዝ ተዘግቶ ረጅም ሲወርድም የሚደርሰው ዘይት ይቀንሳል፤ በየመሃሉ አጭር ጋዝ ስጡት።

7. ውኃ። በእግር ገብታችሁ ጥልቀቱን ሳትለኩ አትግቡ። ከጎማው ፔርኖ በላይ ከሆነ በመጀመሪያው ሳምንት ተመለሱ። ከተሻገራችሁ በኋላ ፍሬኑ እስኪደርቅ ቀስ እያላችሁ ደጋግማችሁ ያዙት።

ከወደቃችሁ፦ ሞተሩን በማጥፊያው አጥፉ፣ ቤንዚኑን ዝጉ። መሪውን ወደ አንድ ጎን አጥፋችሁ፣ ጀርባ ቀጥ አድርጋችሁ፣ በእግር ጉልበት አንሱ። ከመነሳታችሁ በፊት ጋዙ በራሱ እንደሚመለስ እና ፍሬኑ እንደሚይዝ አረጋግጡ።

ውኃ ውስጥ ወድቆ ሞተሩ ከጠፋ፦ አታስነሱ! ሲሊንደር ውስጥ የገባ ውኃ አይታመቅም፤ የፒስተኑን ዘንግ ያጣምማል። ካንዴላውን ንቀሉ፣ ቁልፉን ዝጉ፣ በእግር መምቻ ውኃው እስኪያልቅ ምቱ። የማጣሪያውን ሳጥን አድርቁ። ዘይቱ ወተት ከመሰለ ሳትነዱ ቀይሩት።

ዋልካ ላይ ጎማው ካልዞረ፦ ጥቁር አፈር በፓራፋንጎውና በጎማው መሃል ተጠቅጥቋል። በጋዝ አታስገድዱት፤ ፍሪሲዮኑ ይቃጠላል። በእንጨት ፈንቅሉት። ሩቅ ከሆነ የፊቱን ፓራፋንጎ ፈትታችሁ ጫኑት። ዝናብ እየጣለ ከሆነ ደግሞ ቁሙና ጠብቁ። ፀሐይ ከወጣች ላዩ ቶሎ ይጠነክራል።

## ደረጃ 8፦ ሞተሩ የነገራችሁን ጻፉ

ከጉዞው ስትመለሱ የተሰማችሁን ወዲያው ጻፉ። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ቀይራችሁ ያንኑ መንገድ ድገሙ። ንፋስም ሞላም መሪም በአንዴ የቀየረ ሰው የትኛው እንደሠራ አያውቅም።

- ፊቱ ይንሳፈፋል፣ አቅጣጫ አይይዝም፦ የፊት ንፋስ ቀንሱ። ካልበቃ የኋላ ሞላ አጥብቁ።
- ጀርባው ይረግጣችኋል፦ የኋላ ንፋስ ቀንሱ፣ ቀጥሎ ሞላውን አንድ ደረጃ አላሉ።
- ጉድጓድ ላይ ከስር «ጓ» ይላል፦ ሞላው እስከ ታች እየደረሰ ነው። አጥብቁ ወይም ጭነት ቀንሱ።
- መሪው ላይ መንቋቋት አለ፦ የፊት ፍሬን ይዛችሁ ሞተሩን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ግፉት። «ቋ» ካለ የመሪው ኩሽኔታ ላልቷል። ሳይጠብቅ አትንዱ።
- አንዱ ጎማ መሃሉ ያቃጥላል፦ ፍሬኑ ሳይለቅ ነው የሄዳችሁት። ወደ ደረጃ 3 ተመለሱ።
- ክንድ ይደነዝዛል፦ የፍሬን እጀታውን ቁመት እንደገና እዩ።

የጥፍር ቀለሙን መስመሮች፣ ራጂዎቹንና ሰንሰለቱን ከመጀመሪያው 100 ኪሎ ሜትር በኋላ ፈትሹ። አዲስ ራጂና አዲስ ሰንሰለት ይላላሉ፤ ብልሽት አይደለም። የመጀመሪያውን ዘይት መጽሐፉ ባለው ቀን ቀይሩ፤ በብዙዎቹ 1,000 ኪሎ ሜትር ላይ ነው፣ ቀደም የሚልም አለ። የሚወጣው ዘይት በብረት ብናኝ ያብለጨልጫል። ዕቃዎቹ እርስ በርስ እየተስማሙ ስለሆነ ይጠበቃል። በጣት የሚያዝ ስባሪ ካገኛችሁ ግን ሞተሩን አታስነሱ፤ በዋስትናው ሻጩ ዘንድ ውሰዱት። ሞተሩ ባለ አራት ምት ከሆነ ዘይቱ በሚቀየርበት ቀጠሮ የቫልቭ ክፍተቱም ይለካ፤ የሚለካው ሞተሩ ቀዝቅዞ ስለሆነ ከዋዜማው አሳድሩት።